ኅዳር ላይ የሚዘጋ መዝገብ የለም፦ ከበረዶ ሆኪ ተነሥቶ ፋሲል ከነማ ላይ ለደረሰው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። መነሻው የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ነው፤ መድረሻው ግን እዚሁ ጎንደር፣ ፋሲል ከነማ ነው። ካልጋሪና ኤድመንተን ያሉ ዘመዶቻችን ወደዱትና ላኩልን። ፒያሳ ቡና የሚጠጡት ወጣቶቻችን ደግሞ ስለ ሆኪ የሚያወራውን ክፍል ዘለው፣ ስለ ፋሲል የሚለውን ብቻ አንብበው፣ አሰልጣኝ ማሰናበት ጀምረዋል። ጽሑፉ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ጨዋታውን እንደሚያውቁት ያስታውቃል። የማልስማማው ካወቁት ተነሥተው በደረሱበት ድምዳሜ ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላልና እርሳቸውም ሆኑ ሐሳባቸውን የተቀበሉ ወዳጆቼ ይህን ክርክር በዚያው መንፈስ እንዲያዩልኝ እለምናለሁ። ገናም ሆኪም የዱላ ጨዋታ ስለሆነ አባባሉ ያለ ቦታው አልገባም።

ሆኪን ለማይከታተል አንባቢ ጥቂት ልበል። ኤን ኤች ኤል የሚባለው ሊግ ዛሬ 25 የአሜሪካና 7 የካናዳ፣ በድምሩ 32 ክለቦች አሉት። የውድድር ዘመኑ እኛ መስቀልን ባከበርን ማግስት ይጀምርና እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል፤ እያንዳንዱ ክለብ በዚህ ጊዜ ውስጥ 82 ጨዋታ ሲያደርግ ኖሯል። ያሸነፈ 2 ነጥብ ያገኛል። በመደበኛው 60 ደቂቃ አቻ ወጥቶ በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት የተሸነፈም ባዶ እጁን አይመለስም፤ 1 ነጥብ ይሰጠዋል። ከዚያ 16 ክለቦች ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ፤ አራት ዙር ነው፤ በየዙሩ አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። የመጨረሻው አሸናፊ በሰኔ የስታንሊ ዋንጫን ያነሣል። ጎንደር ተቀምጦ በቀጥታ ልከታተል ለሚል ሰው፣ በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል የሚካሄዱት ጨዋታዎች በክረምታቸው ወራት የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። እንቅልፉን የሠዋ ተመልካች በአሰልጣኝ ላይ ትንሽ ቢጨክን እንግዲህ አይፈረድበትም።

የጽሑፉን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው በመጀመሪያ የሚሉት፣ በአሜሪካ የምስጋና ቀን፣ ማለትም በኅዳር አጋማሽ፣ በሰንጠረዡ ላይ ጥሎ ማለፍ በሚያስገባ ቦታ የተቀመጡ ክለቦች ሚያዝያ ላይም እዚያው ይገኛሉ፤ በመካከል ያለው ጊዜ ለወጉ ያህል ነው። ቀጥለው፣ ዋንጫ የሚያነሣ ቡድን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ያስታውቃል ይላሉ። ሦስተኛው ነጥባቸው፣ ጅማሬያቸው ተበላሽቶ ኋላ የተነሡ ክለቦች የተነሡት አሰልጣኛቸውን ቶሎ በማሰናበታቸው ነው የሚል ነው። በመካከሉ ስለ ጎል አግቢዎች አንዲት አጭር አንቀጽ ጣል አድርገዋል። መዝጊያቸው ደግሞ ፋሲል ከነማም ሆነ ሌሎች የአገራችን ክለቦች ለአሰልጣኞቻቸው የአምስት ጨዋታ ገደብ ይስጡ፤ በአምስት ጨዋታ ያልታየ በሠላሳም አይታይም የሚል ነው።

ከሁሉም የሚጠነክረው የመጀመሪያው ነጥብ ነው፤ ስለዚህ የሚገባውን ልስጠው። በምስጋና ቀን ቦታ ከያዙት 16 ክለቦች መካከል በአማካይ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ እስከ መጨረሻው እንደሚዘልቁ ሊጉን የሚዘግቡ ጋዜጠኞች ለዓመታት ሲቆጥሩት ኖረዋል። ይህ እውነት ነው፤ ምክንያትም አለው። ሁለት ተፎካካሪዎች ተገናኝተው ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ካመራ ሁለቱም ነጥብ ይዘው ነው የሚወጡት። ከኋላ የሚያሳድድ ክለብ ሲያሸንፍ እንኳ ከፊቱ ያሉት እየተሸነፉ ነጥብ ይለቅማሉ። አሳዳጁ ብዙ ሮጦ ጥቂት ይጠጋል። ጸሐፊው ይህን ምክንያት ባይጠቅሱትም ለእርሳቸው የሚያግዝ ስለሆነ እኔው ጨመርኩላቸው።

ነገር ግን ያንኑ ቁጥር ገልብጠን እንየው። ከ16ቱ 12ቱ ዘለቁ ማለት 4ቱ ወደቁ ማለት ነው። 4 ከወደቁ ደግሞ ከውጭ የነበሩ 4 ክለቦች ገቡ ማለት ነው። እንግዲህ በኅዳር ከመስመሩ በታች ከነበሩት 16 ክለቦች ከአራቱ አንዱ ይገባል። ከአራት አንድ ዕድል ያለበትን ነገር «ለወጉ ያህል» የሚል ሰው በገዛ ገንዘቡ ሲወራረድ ባየው ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። ግማሾቹ ክለቦች በሚገቡበት ውድድር ዐይኑን ጨፍኖ 16 ስም የሚጠራ ሰው እንኳ በአማካይ 8 ይመታል። ባለፈው ዓመት የገቡትን እንዳሉ የገለበጠ ደግሞ ከ8 በላይ ይመታል፤ አብዛኞቹ ይመለሳሉና። ስለዚህ ኅዳር ከሚነግረን ነገር የሚበልጠውን እጅ አንድም ጨዋታ ሳይካሄድ፣ መስከረም ላይም እናውቀው ነበር። ኃያላኑ ኃያላን እንደሆኑ ለማወቅ ሰንጠረዥ አያስፈልግም። ሰንጠረዡ የሚያስፈልገን በመስመሩ ዙሪያ ለሚተራመሱት ነው፤ እነርሱ ደግሞ በዚያን ጊዜ የሚለያዩት በአንድና በሁለት ነጥብ ነው፤ ያደረጉት የጨዋታ ብዛት እንኳ እኩል አይደለም። በኅዳር 6 ነጥብ የተቀደመ ክለብ ገና 60 ያህል ጨዋታ ይቀረዋል። ልዩነቱን ለመዝጋት በየአሥር ጨዋታው የ1 ነጥብ ብልጫ ማምጣት ይበቃዋል። ይህ ከባድ ነው፤ የተዘጋ በር ግን አይደለም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት አንድ ጉዳይ ደግሞ ለእኔ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጣል። በኤን ኤች ኤል ወደ ታችኛው ሊግ መውረድ የለም። እንዲያውም ከታች የጨረሰ ክለብ በቀጣዩ የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ የተሻለ ዕድል ያገኛል። የተጫዋቾች ልውውጥ የሚዘጋው በመጋቢት አካባቢ ነው። እንግዲህ የክለቡ ኃላፊ ጅማሬውን አይቶ «ዘንድሮ አልሆነም» ካለ፣ ውላቸው ሊያልቅ የደረሱትን ምርጥ ተጫዋቾቹን ለተሻለ ቦታ ላይ ላሉት ክለቦች ይሸጣል፤ የተዳከመው የባሰ ይዳከማል፤ የበረታው ይበረታል። በሚያዝያ ሰንጠረዡ ከኅዳሩ ጋር ሲመሳሰል አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፦ ኃላፊዎቹ ኅዳርን ስላመኑት እውነት ያደርጉታል። ይህን የመሰለ ትንቢት ስለ ቡድኑ ጥንካሬ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ኃላፊዎቹ ተስፋ አቆራረጥ የሚነግረን ይበዛል።

ምሳሌ ከተፈለገ ሴንት ሉዊስ ብሉስን የሚያህል የለም። ታኅሣሥ 25 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 3 ቀን 2019፣ ጠዋት ላይ ይህ ክለብ በጊዜው ከነበሩት 31 ክለቦች የመጨረሻው ነበር፤ በ37 ጨዋታ የሰበሰበው 34 ነጥብ ብቻ ነው። የምስጋና ቀን ካለፈ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። በጸሐፊው ሒሳብ መዝገቡ ተዘግቶ አቧራ ለብሷል። ሰኔ 5 ቀን ግን ያው ክለብ ቦስተን ላይ በሰባተኛውና በወሳኙ ጨዋታ 4 ለ 1 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን የስታንሊ ዋንጫ አነሣ። በዚያው የውድድር ዘመን በኅዳር 10 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ የሊጉን አናት የነካው ባፋሎ ጥሎ ማለፉን ሳይገባ ቀረ። በ2024–25ም (ከዚህ በኋላ የሆኪውን ዓመታት በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የኒው ዮርክ ሬንጀርስ ከ17 ጨዋታ 12ቱን አሸንፎ ጀምሮ ሚያዝያ ላይ ከውጭ ተመልካች ሆነ። እርግጥ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በ2023–24 ሳን ሆዜ ከመጀመሪያዎቹ 11 ጨዋታዎች አንዱንም ሳያሸንፍ ጀመረ፤ የጨረሰውም በመጨረሻው ደረጃ፣ በ47 ነጥብ ነው። ደካማ ቡድን ደካማ ጅማሬ ሲያደርግ ማንም አይገረምም፤ ጸሐፊውም እዚያ ላይ አልተሳሳቱም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስናልፍ ጽሑፉ ሳያስታውቅ አንድ ደረጃ ዘሏል። ጥሎ ማለፍ መግባትና ዋንጫ ማንሣት አንድ ጥያቄ አይደሉም። ለመጀመሪያው ያገለገለው ቁጥር ለሁለተኛው አያገለግልም፤ ጸሐፊው ግን በአንዱ ደረሰኝ ሁለት ዕቃ ለመውሰድ ይሞክራሉ።

በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያዎቹን 10 ጨዋታዎች በተከታታይ በማሸነፍ ክብረ ወሰኑን የተጋሩት ቶሮንቶ በ1993–94 እና ባፋሎ በ2006–07 ናቸው። ሁለቱም ለፍጻሜው አልደረሱም። ዊኒፔግ በ2024–25 ከመጀመሪያዎቹ 16 ጨዋታዎች 15ቱን አሸነፈ፤ እንዲህ የጀመረ ክለብ ከዚያ በፊት አልታየም። በመደበኛው ውድድር አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከዚያ በጥሎ ማለፉ ሁለተኛ ዙር በዳላስ ተሰናበተ። ቦስተን በ2022–23 በሜዳው ያደረጋቸውን የመጀመሪያዎቹን 14 ጨዋታዎች አሸነፈ፤ በመጨረሻም 65 ድልና 135 ነጥብ ይዞ ሁለቱንም የሊጉን ክብረ ወሰኖች ሰበረ። በመጀመሪያው ዙር የገጠመው በ92 ነጥብ ተንጠላጥሎ የገባውን ፍሎሪዳን ነበር። 3 ለ 1 ሲመራ ቆይቶ 4 ለ 3 ተሸነፈ። በመደበኛው ውድድር አንደኛ የጨረሰ ክለብ ዋንጫውንም የወሰደበትን ጊዜ ብንቆጥር፣ ከ2005–06 እስከ 2024–25 ባሉት 20 የውድድር ዘመናት ዲትሮይት በ2008ና ቺካጎ በ2013 ብቻ ናቸው። 82 ጨዋታ ሙሉ አንደኛ መሆን ይህን ያህል ትንሽ ዋስትና ከሰጠ፣ አሥር ጨዋታ ምን ሊሰጥ ነው?

ቺካጎን ካነሣሁ ለጸሐፊው የሚመች ምስክር መሆኑን መሸሸግ አይገባኝም። በ2012–13 ክለቡ 24 ጨዋታ በመደበኛው ሰዓት ሳይሸነፍ ጀምሮ ዋንጫውን ወስዷል። ሆኖም ያ ዓመት በአሠሪዎችና በተጫዋቾች ውዝግብ ምክንያት ወደ 48 ጨዋታ ያጠረ ነበር። 24 ጨዋታ ጅማሬ ሊባል አይችልም፤ የውድድሩ እኩሌታ ነው።

ጅማሬ ለምን እንደሚያታልል ማወቅ ከምሳሌዎቹ ይልቅ ይጠቅማል። የሆኪ ተንታኞች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ስሌት አለ። ቡድኑ ከሞከራቸው ምቶች ስንት በመቶው ጎል ሆነ? ግብ ጠባቂውስ ከተሞከሩበት ስንት በመቶውን አዳነ? ሁለቱን ይደምራሉ። አንዱ ያስቆጠረው ሌላው ያላዳነው ስለሆነ የሊጉ ጠቅላላ ድምር ምን ጊዜም 100 ነው። በጥቅምት ድምሩ 104 የሆነለት ቡድን ድል በድል ይሆናል፤ 96 የሆነበት አሰልጣኙን ያስባርራል። ጨዋታው በበዛ ቁጥር ግን ብዙዎቹ ወደ 100 ይመለሳሉ። ከዚህ የተሻለ ምልክት የሚሰጠው ተራ ነገር ነው፦ ማን ይበልጥ ሞከረ፣ ማን በማን የግብ ክልል አካባቢ ዋለ። ቶሮንቶ በ2013–14 ጅማሬው ያማረ ነበር፤ በሙከራ ብዛት ግን ተጋጣሚዎቹ ሌት ተቀን ሲበልጡት ነበር። ይህን የጠቆሙ ሰዎች «ቁጥር ቆጣሪዎች» ተብለው ተሾፈባቸው። በመጨረሻዎቹ 14 ጨዋታዎች 12 ጊዜ ተሸነፈና ከጥሎ ማለፍ ውጭ ቀረ። በዚያው ዓመት ኮሎራዶም እንዲሁ በሙከራ እየተበለጠ 112 ነጥብ ይዞ መጨረሱን መሸሸግ አልፈልግም፤ ዕድል አንዳንዴ ዓመት ሙሉ አብሮ ይከርማል። በቀጣዩ ዓመት ግን ኮሎራዶ ጥሎ ማለፍ አልገባም።

ስለ ጎል አግቢዎች የተጻፈችው አንቀጽ ብዙ አታቆየንም። ጸሐፊው በጥቅምት የተቆጠሩ ጎሎችን በቀሪው ጨዋታ አባዝተው የዓመቱን ብዛት ይተነብያሉ። የቶሮንቶው ኦስተን ማቲውስ በ2016 በመጀመሪያ የሊግ ጨዋታው 4 ጎል አስቆጠረ፤ በእርሳቸው ማባዣ 328 ይሆናል። ያስቆጠረው 40 ነው። በ2023–24 በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ሦስት ሦስት ጎል አገባ፤ 246 መሆኑ ነው። 69 ላይ ቆመ፤ 69ም ቢሆን የዓመቱ ከፍተኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አሰልጣኝ ስንብት እንምጣ። ጽሑፉ ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነው።

በአጋማሽ አሰልጣኝ ቀይረው ዋንጫ ያነሡ ክለቦች እንዳሉ አልከራከርም። ፒትስበርግ በ2009ም በ2016ም፣ ሎስ አንጀለስ በ2012 እንዲሁ አድርገዋል። ነገር ግን መቼ እንዳሰናበቱ እንቁጠር። ፒትስበርግ በመጀመሪያው ጊዜ 57 ጨዋታ፣ በሁለተኛው 28 ጨዋታ ጠብቋል፤ ሎስ አንጀለስ 29። ከእነዚህ ማንኛቸውም በአምስት ጨዋታ አልፈረዱም። ደግሞም ፒትስበርግ እንደ ሲድኒ ክሮስቢና ኢቭጌኒ ማልኪን ያሉ ኮከቦችን የያዘ ቡድን እንደነበር መርሳት አይገባም። በዚያ ቤት አዲስ አሰልጣኝ የሚቀበለው የተሰበረ ዕቃ አይደለም።

ጸሐፊው በተለይ የደገፉበት የሴንት ሉዊስ ታሪክ ነው፤ አሰልጣኝ ማይክ ዮ ተሰናበቱ፣ ክሬግ ቤሩቤ ተተኩ፣ ዋንጫ መጣ ይላሉ። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፤ በመካከል ያለው ግን ተቆርጦ ወጥቷል። ስንብቱ የሆነው ኖቬምበር 19 ቀን 2018 ነው። ከላይ እንዳልኩት ቡድኑ የሊጉ ጅራት ላይ የተገኘው ጃንዋሪ 3 ነው። ከስንብቱ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ ተአምር አልታየም። የጸሐፊው ደንብ ቢሠራ ኖሮ ቤሩቤም ከገና በፊት ሻንጣቸውን ይዘው ነበር። የተለወጠው ነገር ምንድን ነው? ጃንዋሪ 7፣ በእኛ የገና ዕለት፣ ጆርዳን ቢኒንግተን የሚባል ጀማሪ ግብ ጠባቂ ለመጀመሪያ ጊዜ በቋሚነት ተሰለፈ፤ ፊላዴልፊያን 3 ለ 0፣ ያለ ጎል መለሰ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ 11 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈበት ጊዜ መጣ። ቢኒንግተንን ያሰለፉት ቤሩቤ ናቸው፤ ምስጋናቸውን አልነፍጋቸውም። ግን ዋንጫውን ያመጣው ስንብቱ ነው የሚል ሰው እነዚያን ስድስት ሳምንታት የት ያኖራቸዋል?

ኤድመንተንም በ2023–24 ከ13 ጨዋታ 3 ብቻ አሸንፎ ጄይ ውድክሮፍትን አሰናበተ፤ ክሪስ ኖብላክ ተተኩ፤ ቡድኑ 16 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ እስከ ፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ተጓዘ፤ እዚያ ፍሎሪዳ 2 ለ 1 አሸነፈው። ኤድመንተን ያሉት ዘመዶቻችን ይህን ሲያነሡ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ይገባቸዋልም። ሆኖም በዚያ መጥፎ ጅማሬ ከሁሉ በላይ የተበላሸው ግብ ጥበቃው ነበር። ክለቡ ግብ ጠባቂውን ጃክ ካምቤልን ወደ ታችኛው ሊግ የላከው አሰልጣኙ ከመሰናበታቸው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። እንደ ኮነር ማክዴቪድና ሊዮን ድራይሳይትል ያሉ ኮከቦች ያሉበት ቡድን ዓመቱን ሙሉ በዚያ ሁኔታ ይቀጥላል ብሎ የሚያምን አልነበረም። ኖብላክ ጥሩ ሠርተዋል። ቡድኑ ግን አሰልጣኙ ባይቀየርም ከዚያ ጉድጓድ መውጣቱ አይቀርም ነበር የሚል እምነት አለኝ፤ ምን ያህል ርቆ ይሄድ እንደነበር መናገር ባይቻልም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ክለቦች አሰልጣኝ የሚያሰናብቱት ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጣመምባቸው ነው፦ ምቱ ብረት ይመታል፣ ግብ ጠባቂው ያዳልጠዋል፣ ሁለት ቁልፍ ተጫዋቾች ይጎዳሉ። እንዲህ ያለው ጊዜ በራሱ ያልፋል። ሲያልፍ በወንበሩ ላይ የተገኘው ሰው ምስጋናውን ይወስዳል። ጉንፋን የያዘው ሰው በሰባተኛው ቀን የጠጣውን ዳማከሴ እንደሚያመሰግነው መሆኑ ነው።

ያልተሰናበተ አሰልጣኝ ምን እንደሚሆን ለማየትም ምሳሌ አለን። በ2022 ጥቅምት የኒው ጀርሲ ክለብ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ ደጋፊዎች በገዛ ሜዳቸው አሰልጣኝ ሊንዲ ራፍ ይባረሩ እያሉ ጮኹ። ክለቡ አልሰማቸውም። ቡድኑ 13 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ኅዳር ላይ ያው ሕዝብ፣ በዚያው አዳራሽ፣ በአንድ ድምፅ ይቅርታ ጠየቃቸው። በዓመቱ መጨረሻ 112 ነጥብ ነበራቸው፤ በክለቡ ታሪክ ከፍተኛው።

ከሁሉም የሚገርመኝ የጂም ሞንትጎመሪ ጉዳይ ነው፤ ጸሐፊው ግማሹን ብቻ መጥቀሳቸው ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ሴንት ሉዊስ በኖቬምበር 2024 አሰልጣኙን አሰናብቶ ሞንትጎመሪን ቀጠረ፤ ቡድኑ ኋላ ላይ 12 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ጥሎ ማለፍ ገባ። «ይኸው፣ ፈጥኖ መወሰን» ይላሉ ጸሐፊው። ሞንትጎመሪ ግን ከየት መጡ? ከአምስት ቀን በፊት ቦስተን በ20 ጨዋታ 8 ድል ብቻ አስመዘገቡ ብሎ አሰናብቷቸው ነበር፤ ያንን የ65 ድል ክብረ ወሰን ያስመዘገቡትን ሰው። ቦስተንም ፈጥኖ ወስኗል። ውጤቱ ግን ለስምንት ዓመታት በተከታታይ ሲገባበት ከኖረው ጥሎ ማለፍ መቅረት ሆነ። አንድ ሰው ነው፤ አንድ ሳምንት ነው፤ ሁለት ስንብት ነው። አንዱን ጠቅሶ ሌላውን መተው ለክርክር ያመቻል፤ ለክለብ ቦርድ ምክር ለመስጠት ግን አያበቃም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን። ፋሲል ከነማና የአምስት ጨዋታ ገደብ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እቀበላለሁ። በእኛ ሊግ መውረድ አለ። ሳን ሆዜ መጨረሻ ሆኖ ቢጨርስ በወጣት ተጫዋቾች ምርጫ ይካሳል፤ የእኛ ክለብ መጨረሻ ቢሆን ከፕሪሚየር ሊጉ ይወጣል። ስለዚህ ጸሐፊው ጅማሬ ያስፈራል ሲሉ ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ከሆኪውም ይልቅ ለእኛ ይበልጥ ይሠራል። ይህንን ልዩነት ራሳቸው ቢያነሡት ጽሑፋቸው ይጠነክር ነበር።

ፍርሃት ግን መለኪያ አይሆንም። 30 ጨዋታ ባለው የውድድር ዘመን አምስት ጨዋታ አንድ ስድስተኛ ነው። በሆኪው ልክ ብንሰፍረው ወደ 14 ጨዋታ ይሆናል፤ የምስጋና ቀን እንኳ ገና አልደረሰም። ራሳቸው የጠቀሱት የኅዳር ደንብ 20 ጨዋታ ገደማ ይጠብቃል፤ ለእኛ ሲሆን ለምን ይህን ያህል ቸኮለ? ደግሞም በእግር ኳስ አምስት ጨዋታ ማለት ብዙ ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጎል ማለት ነው። አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ቢሳት፣ አንድ ኳስ አግዳሚ ቢመታ፣ አንድ ተከላካይ በቀይ ቢወጣ ሰንጠረዡ ሌላ መልክ ይይዛል። የእኛ ክለቦች በየክረምቱ ብዙ ተጫዋች ያስወጣሉ፣ ብዙ ያስገባሉ። አብረው ቅድመ ዝግጅት ያደረጉት ለጥቂት ሳምንታት ነው። ተከላካዩና አማካዩ እርስ በርስ መናበብ ሳይጀምሩ አምስተኛው ጨዋታ ያልቃል።

ሌላው ሜዳ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ቆይቷል። የኤን ኤች ኤል ክለብ ግማሹን ጨዋታ በገዛ አዳራሹ ያደርጋል፤ ፋሲል ግን በሜዳው ያለው ብርታት እንዲቆጠርለት ፋሲለደስ ስታዲየም ላይ በደጋፊው ፊት መጫወት ነበረበት። ሻምፒዮን የሆነው በዚያው በ2013 ዓ.ም. በሰው ከተማ እየተጫወተ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ደስ ይላል። የሆኪውን የጅማሬ ሰንጠረዥ አንሥቶ እንዲህ ባለ ሊግ ላይ መለጠፍ የሚቻል አይመስለኝም።

በአምስት ጨዋታ የማይታይ በሠላሳም አይታይም ለሚለውም ከራሳችን ቤት መልስ አለ። በ2011 ዓ.ም. የዋንጫው ባለቤት እስከ መጨረሻው ቀን አልታወቀም ነበር። በዚያ ቀን ጎንደር ውስጥ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ያልለጠፈ ሰው ጥቂት ነው። ዋንጫው ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄደ። በመጨረሻው ቀን የሚለይ ውድድር በአምስተኛው ሳምንት ተለይቶ ነበር ማለት ያንን ቀን ላሳለፈ ሰው የሚዋጥ አይደለም።

ገንዘቡም አለ። ውሉ ሳያልቅ የተሰናበተ አሰልጣኝ ካሳ ይጠይቃል፤ አዲሱ ረዳቶቹን ይዞ ይመጣል፤ የቀድሞው ያስፈረማቸው ተጫዋቾች አዲሱ የማይፈልጋቸው ይሆናሉ። የሰሜን አሜሪካ ክለብ ባለቤት ይህን ከኪሱ ይከፍላል። ፋሲል ከነማ በከተማው አስተዳደርና በሕዝቡ ድጋፍ የሚኖር ክለብ ነው፤ ከሳሹም ከፋዩም ያው ፒያሳ ላይ አሰልጣኝ የሚያባርረው ሰው ነው።

የአምስት ጨዋታ ገደብ የግድ ያስፈልጋል ከተባለ ለጥያቄ እናድርገው። በአምስተኛው ጨዋታ ማግስት ቦርዱ አሰልጣኙን ይጥራ፤ ስንት ግልጽ የጎል ዕድል ፈጠርን፣ ስንት ሰጠን፣ የገጠሙን እነማን ናቸው፣ ማን ተጎድቶ ወጣ፣ አዲሶቹ ተጫዋቾች ለምን ሥራ መጡ ብሎ ይጠይቀው። የጨዋታዎቹ ቀረጻ እስካለ ድረስ መልሱን ከታየው ጋር ማመሳከር አይከብድም። አሰልጣኙ መልስ ካጣ፣ ወይም የሚለው ከቀረጻው ጋር ካልገጠመ፣ ያን ጊዜ የስንብቱን ደብዳቤ ከጸሐፊው ጋር አብሬ እፈርማለሁ፤ ሰንጠረዡ ላይ ሦስተኛም ቢሆን።